የሟች ስም ጠባቂዎች

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ለሚያገላብጥ ሰው የተፋቀ ቦታ እንግዳ አይሆንበትም። ቁም ጸሐፊው ምሕረት በሚለምንባቸው መስመሮች መካከል የመጽሐፉን ባለቤት የክርስትና ስም ያስገባል፤ ባለቤቱ ገና ካልታወቀ «እገሌ» ብሎ ያልፈዋል። ከዓመታት በኋላ መጽሐፉ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ሲዘረፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ያጽፍበታል። የተፋቀ ብራና ይሻክራል፤ ቀለም ሲነካውም ይሰርግበታል። ስለዚህ ሁለተኛው ስም ወፈርና ደብዘዝ ብሎ ከመስመሩ ተለይቶ ይታያል። አንዳንዴም ከሥሩ የፊተኛው ስም አንድ ሁለት ፊደል ቀርቶ ይነበባል።

ይህን ለመከላከል ነው በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም በኅዳጉ ላይ ግዝት የሚጻፈው። የሰረቀውም የፋቀውም ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ሁለቱ ጥፋቶች እኩል መቆጠራቸው ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፉን ተሸክሞ መሄድና መጽሐፉን እዚያው ትቶ ስሙን ብቻ ማጥፋት በግዝቱ ፊት አንድ ናቸው። ያጻፈው ሰው የብራናውን ዋጋና የጸሐፊውን ድካም የከፈለው ከሞተ በኋላ በስሙ እንዲጸለይለት ነው፤ ስሙ ከጠፋ የከፈለበት ነገር ጠፋ።

ዛሬ አንድ የባሕር ዳር ሰው ሲሞት ከቤቱና ከንብረቱ ሌላ በስልኩ ውስጥ የሚተወው ብዙ ነው፤ የፌስቡክ ገጹ፣ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የኢሜይል ሣጥኑ፣ የዐሥር ዓመት ፎቶው። ይህን የሚጠብቀው ማን ነው? የሚፍቀውስ በማን ፈቃድ ነው? ጥያቄው አዲስ ቢመስልም የጣና ዳርቻ ሲመልሰው ኖሯል፤ መልሱም አንድ ጊዜ በደንብ፣ ሌላ ጊዜ በድክመት ነበር።

ዳጋ እስጢፋኖስን ማየት ይበቃል። ወንዶች ብቻ በሚረግጡት በዚህ ደሴት ላይ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አስከሬን መስታወት ባለው ሣጥን ተቀምጧል። ዘርዐ ያዕቆብ ዙፋን ላይ የቆየው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው፤ የሞተው ደብረ ብርሃን ሲሆን ያረፈው ግን ጣና ላይ ነው። በስሙ የሚጠሩት ድርሰቶች፣ ከነሱም አንዱ መጽሐፈ ብርሃን፣ በየአድባራቱ እየተገለበጡ ሲነበቡ ኖረዋል። የንጉሡ ሥጋ በአንድ ደሴት፣ ቃሉ በብዙ ቦታ። ሥጋውን የሚጠብቁ መነኮሳት አሉ፤ ቃሉንም የሚገለብጡ ደብተራዎች ነበሩ። ሁለቱም ሥራዎች የሰው እጅ ይፈልጋሉ፤ እጁ ሲታጠፍ ሁለቱም ይቆማሉ።

ደሴቶቹ ለዚህ ሥራ የተመረጡት ውኃው አጥር ስለሆናቸው ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ሸሽተዋል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ተከቶ፣ በማንገቻው ከግድግዳው እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከአይጥና ከእርጥበት ተጠብቆ ይቆያል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው መነኩሴ ሲሞት ቁልፉን ማኅበሩ ለሌላ ይሰጣል። ቁልፍ ተሸክሞ የሚቀበር የለም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀው የእመ ምኔት ወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ነው። ይህች ሴት (እ.ኤ.አ. 1592–1642) ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጅ ተቃውማ ተሰዳለች፤ ታስራለች፤ ከዚያም በጣና ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበራትን አቋቁማለች። የተቀበረችው በሬማ ደሴት ነው። ገድሏ የተጻፈው ግን በሞተች በ30 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ ያዩዋትና የሰሟት ሰዎች እያለፉ ነበር። ማኅበሯ ትዝታውን ሰብስቦ ወደ ብራና ባያሻግረው ኖሮ ዛሬ ስለ እሷ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ በሌላው ዓለም ሰፊ አንባቢ አግኝቷል። ማኅበሯ በጣና ዳር ባለችው በቁራጣ የሟቿን ቃል ይዞ ባይቆይ የሚተረጎም ነገር አይኖርም ነበር።

እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ መልኳን ተወች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ባሠራችው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። እሷ በ1773 (እ.ኤ.አ.) ብታርፍም ሥዕሉ እዚያው ነው። ባለጸጋው መልኩን ያሣላል፣ ባለ ርስቱ የርስቱን ውል በወንጌሉ ባዶ ገጽ ያስጽፋል። ወንጌሉ የመዝገብ ቤት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ማን ምን ለገዳሙ እንደሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

የሌላውን ሰው ስም የያዘው ግን ብራና አይደለም፤ ተዝካር ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ከቻሉም ሰባት ዓመት። በየጊዜው ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠራል፤ ጎረቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያስታውሳል። ወጪው ቤተሰብን ያደኸያል ተብሎ ሲወቀስ የኖረ ልማድ ነው፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። ሆኖም ተዝካር አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ሐዘን ቀጠሮ ይፈልጋል። ሟቹ የሚታወስበት ቀን አለ፤ በሌላው ቀን ሰው ወደ እርሻው ይሄዳል። ፌስቡክ ይህን ቀጠሮ አያውቀውም። ገጹ ወደ መታሰቢያነት ካልተቀየረ የልደት ቀኑ ሲደርስ ለሟቹ ጓደኞች ማስታወሻ ይልካል፤ ሞቱን ያልሰሙ ሰዎችም «እንኳን ተወለድክ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ከወራት በፊት የተጻፈው «ነፍስ ይማር» አለ።

መርዶም ሕግ ነበረው። መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሳይሆን፣ ሰው ከቦት፣ የሚደግፈው እጅ ተዘጋጅቶ ይነገረዋል። ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወላጁ ሲሞት በስልክ አይነገረውም ነበር፤ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያሉ የአገሩ ልጆች ተጠራርተው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በሩን ያንኳኳሉ። አሁን ግን መርዶው ከነሱ ይቀድማል። የሟቹ የመጨረሻ ፎቶ ሥር የሐዘን ኮሜንት መደርደር ሲጀምር ልጁ አውቶቡስ ላይ ወይም ሥራ ቦታው ላይ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል። ይህ በልማዱ ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ለማረምም ሕግ አይጠይቅም፣ ለጥቂት ሰዓት እጅን መሰብሰብ ይበቃል።

ባሕር ዳር ወደዚህ የፌስቡክ ዓለም የገባችው በትምህርት በኩል ነው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረችው ትንሽ ሰፈር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ተቋም አገኘች፤ ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ነው። ተማሪው ሲበዛ ደብዳቤና የፎቶ አልበም በዛ፤ ኋላም ፌስቡክና ቴሌግራም። በጎጃምና በጎንደር ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ፣ ጠመንጃና ፈረስ ወደ ሜዳ ይወጣ እንደነበረ ሁሉ ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመው ትልቅ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሟቹ የፌስቡክ ገጽ ነው። ማተሚያ ቤቱ አጉልቶት ፊቱ ትንሽ ቢደበዝዝም ሁሉም ያውቀዋል፤ ሟቹ ራሱ የመረጠው ፎቶ ነውና።

ገጹ ራሱ ግን በኩባንያው ሥርዓት ይገዛል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሟችን ገጽ የመታሰቢያ ገጽ ማድረግ ፈቅዷል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው በሕይወት ሳለ አንድ አደራ ተቀባይ መሰየም ይችላል። አደራ ተቀባዩ የፕሮፋይል ፎቶ ይቀይራል፣ አንድ መልእክት ከገጹ አናት ላይ ያኖራል፤ የሟቹን የግል መልእክት ግን ማንበብ አይችልም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2013 ባመጣው አሠራር አካውንቱ ለተወሰኑ ወራት ሳይነካ ከቆየ ለተመረጡ ሰዎች ይዘቱን ያደርሳል ወይም ያጠፋዋል። ቴሌግራም ባለቤቱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልተከፈተ አካውንቱን ከነመልእክቱ ይሰርዘዋል። ይህ በዝምታ የሚፈጸም ፍቀት ነው፤ ቤተሰብ ሙት ዓመት አውጥቶ ወደ ስልኩ ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሟች የተጻፈው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን የሚጽፈው ሟቹ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ በታጣቂዎች ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ፤ የትግራዩ ጦርነትም ተፋፍሞ ነበር። በቀደሙት ሳምንታት ፎቶአቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ወጥተዋል። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ባቀረበው ክስ እንዳስረዳው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቷል፤ የኩባንያው መልስ የደረሰው አባቱ ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው፤ አንደኛው ጽሑፍ ከዓመት በላይ ቆይቷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። አንድ ልጅ የአባቱን ስም ለማጥራት ክሱን እስከ ናይሮቢ ድረስ የወሰደው በር የሚያንኳኳበት፣ ቁልፍ የያዘ ሰው የሚያገኝበት ቦታ ስላጣ ነው።

ሌላው ዓለምም በዚህ ይቸገራል። የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ወላጆች የልጃቸውን የፌስቡክ አካውንት ይወርሳሉ ሲል ፈረደ፤ ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ እንደሚወረስ ሁሉ። ልጅቷ በበርሊን በባቡር ተመትታ ከሞተች ከአምስት ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ወላጆቹ ይፈልጉ የነበረው አሟሟቷን የሚያስረዳ መልእክት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አካውንት አያወራም። ሆኖም ቁጥር 826 የሟቹ መብትና ግዴታ፣ በሞቱ የሚቋረጡት ሲቀሩ፣ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል ይላል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደግሞ ደራሲ በሥራው ላይ ያለው ኢኮኖሚያዊ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ አንድ ሰው በገጹ ላይ የጻፈው ግጥም ወይም ትረካ የልጆቹ ሊሆን ይችላል፤ ገጹን የሚከፍተው የይለፍ ቃል ግን ከሟቹ ጋር ተቀብሯል።

የገዳማቱ መጻሕፍት ግን ዛሬ ሁለት ቦታ አሉ። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስቶ የመጀመሪያውን ካታሎግ በ1973 አሳተመ፤ ፊልሞቹም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የክብራን ገብርኤል ጸሐፊ ያኖረው ስም አሁን ደሴቱን ረግጦ በማያውቅ ተመራማሪ ይነበባል። የተፋቀውም ስም እንደተፋቀ ተቀድቷል።

ስልኩ ግን እንዲህ ያለ ገልባጭ የለውም፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካላሰበበት በቀር። መንገዱ ሩቅ አይደለም። አባቶች የነፍስ አባታቸውን ጠርተው ለማን ምን እንደሚተዉ ይናዘዙ ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሰው ኑዛዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ጽፎ እንዲፈርም ይፈቅዳል። በዚያ ወረቀት ላይ ቤቱና መሬቱ በሚዘረዘርበት ቦታ የኢሜይል አድራሻውን፣ ቻናሉን፣ ስልኩን የሚረከበውን ሰው ስም፣ የቱ እንዲቆይና የቱ እንዲጠፋ እንደሚፈልግ መጨመር ይቻላል። የይለፍ ቃሉ ለብቻው ታሽጎ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ኑዛዜ ብዙ ዐይን ያየዋልና። አንድ ነገር ብቻ መዘንጋት የለበትም። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።