ከቡይት ራስ ቁልቁል፦ ወረርሽኝና የጤና ሠራተኛው ጭንቀት

በሰሜን ተራሮች፣ ቡይት ራስ ላይ ወባ የለም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንኟ ብርዱን አትችለውም። ደጋው ግን ብቻውን አይኖርም። የደባርቅና የዳባት ሰው ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላው ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፤ ሲመለስ ከገንዘቡ ጋር ትኩሳቱን ይዞ አቀበቱን የሚወጣም አለ። ስለዚህ የሰሜንን የወረርሽኝ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዓይኑን ከታች ካለው አገር፣ በተለይም ከጣና ዳሩ የደምቢያ ሜዳ መንቀል አይችልም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ አጠቃት። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ያ እልቂት ገና ከሰው ልብ ሳይወጣ ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ያሠለጥን ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ እጁ ግን ጥቂት ነበር።

ፈተናው ብዙ አልቆየም። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ ከወትሮው ከፍ ብላ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳሉት መንደሮች ወጣች። ሕዝቡ በሽታውን ስላልለመደው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። ተመራማሪው ፎንቴይንና ባልደረቦቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሳተሙት ጥናት በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ገምተዋል። ጥናቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኟ ይናገራል። በሽተኛ ቤት ገብቶ፣ የወባው መድኃኒት ክሎሮኪን አልቆበት፣ ባዶ እጁን የወጣው የጤና ሠራተኛ ሌሊቱን እንዴት አደረ? የዚያ ዘመን ሪፖርት ለዚህ ጥያቄ ዓምድ አልነበረውም። እኔ ግን ጥያቄውን ልተወው አልችልም፤ ምክንያቱም ከ60 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በገጠር ሸክሙ ያረፈው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ነው። እነዚህ ሴቶች እንግዳ አይደሉም፤ ያገሩ ልጆች ናቸው። ትናንት «ልጄ ግቢ፣ ቡናው ደርሷል» የምትባል ልጅ ዛሬ አጥር ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ግንባር ላይ ቴርሞሜትር ታነጣጥራለች። ቡና እምቢ ማለት ነውር በሆነበት አገር እምቢ ማለት ሥራዋ ሆነ። ለቅሶ ቤት ሄዳ «ተራራቁ» ማለትም እንዲሁ። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ልጇ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፤ ልጁ ይጠብቃል።

በዚያ ወቅት የጤና ሠራተኞችን የጠየቁ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ያገኙት መልስ ይኸው ነበር፦ በሽታውን ለቤተሰብ አስተላልፋለሁ የሚል ፍርሃት፣ የጭምብልና የጓንት እጥረት፣ የጎረቤት መሸሽ። በአዲስ አበባ የኮቪድ ማከሚያ እንዲሆን አስቀድሞ የተመረጠው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረ መሆኑ ያሳዝነኛል። ለአእምሮ ሕሙማን የነበረው ጥቂት አልጋ ለሳንባ ተለቀቀ፤ የአእምሮ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ሠራተኞች ነበር፤ ያም ቢሆን ለአካላቸው ነው።

በ2013 ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ደባርቅ ቀረበ። ከሊማሊሞ አቀበት ማዶ የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ሞላ። «ተራራቁ» ሲባል የነበረ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ያድር ጀመር። ሦስተኛው የኮቪድ ማዕበል በአገሪቱ እየጨመረ ነበር፤ በአማራ ክልል ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም በጦርነቱ ተዘረፉ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የትግራይ ኃይሎች የገደሏቸውን 26 ሰላማዊ ሰዎች ጉዳይ መዝግቧል፤ ኃይሎቹ ክሱን አስተባብለዋል። የአካባቢው ሹማምንት የተናገሩት ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በጳጉሜን ዜናውን ለዓለም ከተናገሩት አንዱ የዳባት ሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። መንደሩ ድረስ ሄደው መቃብሩን በዓይናቸው አይተዋል። እስከዚያ ሰዓት የተገኘው አስከሬን 125 መሆኑን ለውጭ ጋዜጠኛ ነገሩ።