ስለ አንድ አሮጌ ግራማፎን

ሰው በጆሮው የሰማውን ሲመሰክር አይፈራም። እኔም ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ፣ ስለ አገራችን ዘፈን የተነሣ እንደ ሆነ፣ የድሮ አዝማሪዎች በቀጭን ድምፅ ፈጥነው ይዘፍኑ ነበር እያልሁ ለተማሪዎቼ እነግር ነበር። ምስክሬም በልጅነቴ በአባቴ ቤት የሰማሁት አንድ ሸክላ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ያን ሸክላ ያጫወት የነበረውን ግራማፎን ፈትቼ ሳድሰው ምስክርነቴ ሐሰት ሆኖ አገኘሁት። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለእናንተ ለወጣቶች ልንገራችሁ።

አስቀድሞ የመሣሪያውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ድምፅን የቀረጸው ስስ የቆርቆሮ ወረቀት በተጠቀለለበት ሲሊንደር ላይ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ሲሊንደሩን ትቶ ድምፁን በዝርግ ክብ ላይ አኖረው፤ እኛ ሸክላ የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። እነዚህ የመጀመሪያ መሣሪያዎች በእጅ ይዞሩ ነበርና፣ አዟሪው ሲቸኩል ዘፋኙ ይቀጥናል፣ ሲደክመው ደግሞ ይጎረናል። በ1896 ኤልድሪጅ ጆንሰን የተባለ የኒው ጀርሲ ባለሙያ ለበርሊነር መሣሪያ እኩል የሚያዞር ባለ ሞላ ሞተር ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ነው ግራማፎን በየሰው ቤት ሊገባ የቻለው።

ወደ አገራችንም ቶሎ ደርሷል። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በሲሊንደር የተቀረጸ መልእክት ላኩ፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዘው ስለ ነበር ጠፍቷል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 የመለሱት ቃል ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ይሁን እንጂ በሰም የተቀረጸ ድምፅ በምን ፍጥነት እንደ ተቀረጸ ራሱ አይናገርም። የንጉሡ ድምፅ የወፈረ ወይም የቀጠነ መሆኑን የሚወስነው ዛሬ ሲሊንደሩን የሚያዞረው ሰው ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ አሳስቦኛል።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። የአባቴ ግራማፎን እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ በማኖቬላ የሚጠመዘዝ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህራችን ሰዓት ሲፈቱ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ተራ በሲኒዎች ያኖሩ ነበርና እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሞላው ጨርሶ ሳይላላ ማቀፊያውን የሚከፍት ሰው ጣቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጥምዝዙ እስኪያልቅ አዞርሁት። በውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር፤ በነጭ ጋዝ አጠብሁና አዲስ ቀባሁት። የድምፅ ሳጥኑን ስስ ሚካ የያዙት የጎማ ቀለበቶችም እንደ ድንጋይ ጠንክረው ስለ ነበር ለወጥኋቸው።

ሸክላውን ሳስቀምጥበት ያው የልጅነቴ ቀጭን ድምፅ መጣ። ደስ አለኝ፤ እንባዬም መጣ። ነገር ግን ሥራ ከተጀመረ መጨረስ ይገባል ብዬ፣ ከሸክላው ሥር ትንሽ ወረቀት ሸጉጬ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጠርሁ። 92 ጊዜ ዞረ። ደግሜ ብቆጥር ያው 92 ሆነ። የዘፋኙ ስም ከሸክላው ወረቀት ላይ ተፍቋል፤ 78 የሚለው ቍጥር ግን ይነበባል።

ፍጥነቱን የሚገዙት በስስ ሞላዎች ላይ ያሉ ሦስት ትናንሽ ክብደቶች ናቸው። ሲፈጥኑ ወደ ውጭ ይገፉና አንድ ክብ ብረት ይስባሉ፤ ብረቱም ከቆዳ ቁራጭ ጋር ተፋትጎ ይገታል። ቆዳው ራቅ ካለ ሞተሩ ይሮጣል፣ ከቀረበ ይዘገያል፤ የሚያርቀውና የሚያቀርበውም አንድ ብሎን ነው። ከ1925 በፊት የተቀረጹ ሸክላዎች ከ70 እስከ 80 እና ከዚያም በላይ ስለሚለያዩ የዚያን ዘመን ሸክላ የያዘ ሰው ቍጥሩን ብቻ ማመን የለበትም። የእኔ ግን ኋላ የመጣ ስለ ሆነ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት አዙሬ 78 ላይ አቆምሁት።

በሁለት ደቂቃ ተኩል ያልቅ የነበረው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ከቀንዱ የወጣውም ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ኀዘን ያለበት የሽማግሌ ድምፅ ነው። መሰንቆው ሳይቀር ሌላ ሆነ። አንዱን መርፌ ወር ሙሉ እንጠቀምበት ስለ ነበር የተቦጨቀው ቦታ አሁንም ይንኰሻኰሻል፤ ብረት የፋቀውን የሚመልስ ብልሃት የለም።

በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠኝን እኅቴን ጠርቼ አሰማኋት።

«እትዬ፣ ይህን ድምፅ ታውቂዋለሽ?»

«አባባ የገዙት ጊዜ እንዲህ ነበር» አለችኝ። «ኋላ በቢላ ጫፍ ብሎኑን አዙረህ ያስቸኰልኸው አንተ ነህ። ሳቅንና ተውነው።»

እኔ ይህን ፈጽሞ አላስታውስም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ መምህራን ለሆኑት ለሁለቱ የነገርኋቸው ስሕተት መሆኑን ጻፍሁላቸው። አንደኛው ሸክላውን ለመስማት በጥር እመጣለሁ ብሎ መልሶልኛል፤ እስከዚያ አዲስ መርፌ መፈለግ አለብኝ።