ከታምቡሩ ወዲህ፤ የውጭ ጆሮ ቦይ ብግነት ስያሜዎች ታሪክ

ለእርማት ከቀረቡልን የሕክምና ትርጉሞች በአንዱ፣ «ውስጥ ጆሮዬን ያመኛል፤ ስነካውም ይብስብኛል» የሚል የበሽተኛ ቃል ነበረ። ተርጓሚው «ውስጥ ጆሮ» የሚለውን ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ በሥነ አካል ጥናት የመስማትና የሚዛን ሕዋሳት ያሉበትን ጥልቅ ክፍል በሚያመለክተው ሙያዊ ስም ተክቶታል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። በሽተኛው የተናገረው ግን ጣቱ ስለሚደርስበት ቀዳዳ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ከቀዳዳው አፍ ያለፈውን ሁሉ «ውስጥ» ይላል፤ ሐኪሙ ግን ከጆሮ ታምቡር ወዲህ ያለውን ሁሉ «የውጭ ጆሮ» ይለዋል። በዐዋቂ ሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጆሮ ቦይ እንግዲህ በአንደኛው ቋንቋ ውስጥ፣ በሌላው ውጭ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ቦይ የሚደርሰው ብግነት እንዴት እንደ ተሰየመ መመርመራችን በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሰኑ የጸና ስም ያገኘው በ16ኛው ምዕት ዓመት ነው። ጣሊያናዊው የሥነ አካል ሊቅ ጋብሪዬሌ ፋሎፒዮ በ1561 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለውን ክፍት ቦታ በወታደር ከበሮ መስሎ «ቲምፓኑም» አለው። ስሙ በመጀመሪያ የክፍሉ ነበር፤ በኋላ በተለመደው አነጋገር ወደ ሽፋኑ ተሻገረ። የእኛም «የጆሮ ታምቡር» የሚጠራው ሽፋኑን ነው። የማሕሌቱን «ከበሮ» ትቶ የሰልፉን «ታምቡር» መያዙ ደግሞ፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ ከፋሎፒዮ ምሳሌ ጋር ይገጥማል።

ስም መስጠትና ማየት ግን አንድ አይደሉም። ቦዩ ጠባብና ጠማማ በመሆኑ ብርሃን በደንብ አይገባውም። ጀርመናዊው ሐኪም ሆፍማን በ1841 መካከሉ የተበሳ መስተዋት ለዚህ አገልግሎት አቀረበ፤ በ1850ዎቹ ፎን ትሮልች አሻሽሎ በሐኪሞች ዘንድ አስለመደው። ከዚያ በፊት የበሽታው ስም በአብዛኛው የሚወሰደው ከሚወጣው ነገር ነበር። ከግሪክኛ የተሠራው «ኦቶሬያ» ትርጉሙ «የጆሮ ፍሳሽ» ብቻ ነው። የእኛ ሰው «ጆሮው መግል ያወጣል» ሲል ከዚያ ዘመን ሐኪም የራቀ አልተናገረም፤ ሁለቱም ምልክቱን ይናገራሉ፣ ስፍራውን አይለዩም።

ዛሬ በሙያው የሚሠራበት «ኦቲቲስ ኤክስቴርና» ግን ስፍራውንም ሁኔታውንም ይናገራል። «ኦት» ጆሮ፣ «ኤክስቴርና» የውጭ ነው። «-ኢቲስ» የሚለው የግሪክኛ ባዕድ መድረሻ በጥንት ጠባዩ ቅጽል ከመመሥረት ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ «በሽታ» ከሚለው ስም ጋር ተጣምሮ «የዚህ አካል በሽታ» ያሰኝ ነበር። ስሙ እየተዋጠ ሲሄድ መድረሻው ብቻውን ብግነትን ለማመልከት በቃ። «ብግነት» የሚለው የአማርኛ ቃል በእኛ አስተያየት ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው። የላቲኑ ቃል የመጣው ከነበልባል ነው፤ «በገነ» የሚለው ግሣችንም የመንደድ፣ የመቃጠል ፍች አለው፤ በቁጣ ለሚነድ ሰው እንኳ እንገለገልበታለን። ኬልሱስ በ1ኛው ምዕት ዓመት የዘረዘራቸው አራቱ ምልክቶች፣ ማለት መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና መታመም፣ በዚህ አንድ ቃል ሥር ያለ ችግር ይሰበሰባሉ።

«ኢንፌክሽን» የሚለው ግን ሌላ ጽንሰ ሐሳብ ነው። የላቲን ሥሩ በቀለም መንከርን፣ ማቆሸሽን ያሳያል። በአንዳንድ ጽሑፎች «ልክፍት» ተብሎ ተተርጉሟል። በእብድ ውሻ ስለ ተለከፈ ሰው ስለምንናገር ቃሉ መሠረት የለውም አይባልም፤ ይሁን እንጂ የዛርና የጋኔን ጥላ ስለማይለየው በበሽተኛ ፊት ሲነገር ያስደነግጣል። የጆሮ ቦይ ያለ ተሕዋስያን፣ በቆዳ ሕመም ወይም በአንዳች ነገር መቆጣት ብቻ ሊበግን ስለሚችል፣ ሁለቱን ቃላት ማምታታት ሕክምናውንም ያምታታል።

ሕመሙ በሙቀትና በእርጥበት አገር ስለሚበዛ፣ በእንግሊዝኛ «የሲንጋፖር ጆሮ»፣ «የሆንግ ኮንግ ጆሮ»፣ «የዋናተኛ ጆሮ» የሚሉ ስሞች ወጥተውለታል። ለረዥም ጊዜም ሻጋታ ያመጣዋል ይባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ መሆኑን፣ ከእነዚህም «ፕሴውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ» ዋነኛው መሆኑን አሳየ። «ኤሩጂኖሳ» ማለት የመዳብ ዝገት የመሰለ ነው፤ መግሉን አረንጓዴ ስለሚያደርገው የተሰጠ ስም ነው።

ሐኪሙ በሽታውን የሚለይበት መንገድ ደግሞ ስለ ወሰኑ የተናገርነውን ያጠናክራል። ጆሮው ሲጎተት፣ ወይም ከቀዳዳው ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ስትጫን ብርቱ ሕመም ከተሰማ፣ ጥርጣሬው ወደ ቦዩ ያዘነብላል፤ ከታምቡሩ ወዲያ ባለው የመካከለኛው ጆሮ ብግነት ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። (ያች ጉብታ በሙያው «ትራጉስ» ትባላለች፤ በግሪክኛ ፍየል ማለት ነው። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ስለሚበቅልባት ጠጉር የተሰጠ ስም ነው።) ቦዩን ማጽዳትና ማድረቅ፣ ጠብታ መጨመር፣ ሕመሙን ማስታገስ ዋናው ሕክምና ነው። ዕብጠቱ ቀዳዳውን ከዘጋው መድኃኒቱን የሚያደርስ ቀጭን ጨርቅ ይገባል። የኮምጣጤ አሲድ ጠብታ የሚጠቅመው የቦዩን ኮምጣጣነት ስለሚመልስ ነው፤ ይህን ጠባይ በጤናው ጊዜ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ብዙ ሰው እንደ እድፍ ቆጥሮ በክብሪት እንጨት የሚዝቀው ኩክ ነው። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ በተራው ሁኔታ አያስፈልግም።

ታምቡሩ የተበሳ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ ጠብታዎች ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከደረሱ መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። «የውጭ» እና «የውስጥ» የሚሉትን ቅጽሎች ያለ ጥንቃቄ የሚያኖር ተርጓሚ እንግዲህ የሚነካው የቃል ውበትን ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ስያሜ በ1968 የወጣው ነው። ሜልትዘርና ኬሌመን በ1959 በዚሁ ባክቴሪያ የተጠቃ የጆሮ ዙሪያ አጥንት ገልጸው ነበር፤ ቻንድለር ደግሞ በ1968 አሥራ ሦስት በሽተኞችን ተመልክቶ ሁኔታውን፣ ስለ ክፋቱ፣ ለነቀርሳ በሚነገረው በዚያው ቅጽል ጠራው። የሚያጠቃው ይበልጡን የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሽማግሌዎች ነው፤ ከቦዩ ወደ ራስ ቅል አጥንት ይዘልቃል፣ ይገድላልም። ነቀርሳ ግን አይደለም፤ ሕክምናውም ለሳምንታት የሚሰጥ ብርቱ አንቲባዮቲክ ነው። «የጆሮ ነቀርሳ» ብሎ የተረጎመ ሰው በሽተኛውን ያለ በሽታው አስፈርቶ፣ ምናልባትም ከሚያድነው መድኃኒት ያርቀዋል። እንግሊዝኛው ራሱ በኋላ ሥጋ መሞትን ወደሚያመለክት ቅጽል አዘንብሏል። እኛ «ሥጋ በል» በሚለው አርአያ «አጥንት በል የጆሮ ቦይ ብግነት» የሚለውን እናቀርባለን፤ የተሻለ ያለው ይጻፍልን።

ለተራው ሕመም «የጆሮ ቦይ ብግነት» ይበቃል እንላለን። «ቦይ» በአገራችን ከላይ ክፍት የሆነ የውኃ መውረጃ ነው፤ «ቱቦ» ለቅርጹ ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ለምዷል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፍራውን ይጠራል እንጂ ውጭ ወይም ውስጥ አይልም። የረቂቁንም ሐረግ «ከጆሮዬ ቀዳዳ ውስጥ» በሚያሰኝ እንግሊዝኛ አስተካክለን መለስነው።