ቆርምድና መድኃኒቱ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው። ባቄላው ለጾም ቀን ሽሮና ክክ ይሆናል፤ አዲሱ እህል ሳይደርስም እሸቱ ቤተሰቡን ይደግፋል። ከዚህም ሌላ በሥሩ አንጓ በሚያድሩት ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ስቦ መሬቱን ለሚከተለው ገብስ ያሰናዳል። ስለዚህ ባቄላ ሲታመም ጉዳቱ እስከ ከርሞው አዝመራ ይዘልቃል።

የእህል በሽታ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ዋግ የሚለው ስም ከሳይንሱ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳና ጋለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ባጠቃ ጊዜ፣ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በብዙ ወረዳዎች ተረጭቷል። በዚያው ዘመን አካባቢ ግን በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋዎች ባቄላውን ሌላ መቅሠፍት ያዘው። ቅጠሉ በአንድ ወገን ይሰረጉዳል፣ በሌላው ወገን አረንጓዴ እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል፣ ተክሉም ይቀነጭራል። ገበሬው «ቆርምድ» ብሎ ጠራው።

ሊቃውንቱ ጃፓናዊው ኩሳኖ እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጸው ኦልፒዲየም ቪሲዬ ጋር አንድ ነው አሉ። ባይሌተን የተባለውም መድኃኒት ዘሩን በማሸትና ቅጠሉ ላይ በመርጨት ተሞክሮ በሽታውን ሲቀንስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ትክክለኛው መንሥኤ ፊዞደርማ መሆኑን አስታወቀ። መድኃኒቱ የበሽታውን ማንነት ቀደመ ማለት ነው! ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ሚያርዴ እ.ኤ.አ. በ1885 ያስታወቀው የመዳብና የኖራ ድብልቅ መነሻው የወይን ሌባን ለማራቅ በመንገድ ዳር ተክል ላይ የሚረጭ ነገር ነበር።

የመድኃኒቱ ችግር ጊዜው ላይ ነው። እብጠቱ በግልጽ ከታየ በኋላ የተጎዳው ቅጠል አይመለስም፤ ስለዚህ መርጫውን በጀርባ አዝሎ መውጣት የሚገባው በሽታው ገና ሲጀምር፣ ይኸውም የደጋው ዝናብና ጉም ሳያባራ ነው፤ ዝናቡም ያልደረቀውን መድኃኒት ያጥበዋል። አነስተኛ ማሳ ላለው ገበሬ ደጋግሞ መርጨት ከባድ ወጪ ነው። ከዚህም በላይ የበሽታው ዘር በአፈርና በገለባ ውስጥ ይከርማል፤ ገለባው ደግሞ የከብቱ መኖ ነውና አቃጥሉት ማለት ቀላል ምክር አይደለም። መሬት ከባቄላ ለጥቂት ዓመታት እንዲያርፍ የሚሰጠውም ምክር ማሳው ለጠበበበት ሰው እሸቱን መተው ነው።