ዝም ያለች ሁሉ አልረሳችም

ገሳይ ያደገ ሰው ይሄን ትዕይንት ሳያየው አይቀርም። ማለዳ ነው፤ ጸበል ቦታ። ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አንዲት ልጅ እየተንቀጠቀጠች ትጮኻለች፤ ሰው ከቧታል። አንድ ጎልማሳ ይጠይቃል፦ “ማን ነህ? የት አገኘሃት? ምንጭ ስትወርድ ነው? ሕፃን ሳለች ነው?” ልጅቷ “አዎ” ትላለች። “ከማን መጣህ? ከዚያች ከሸክላ ሠሪዋ ነው?” አሁንም “አዎ!” እልልታው ቀለጠ። ለፈለፈ፣ ተጋለጠ፣ ተባለ።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልጅቷ የሠፈሬ ልጅ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሸክላ ሠሪዋም ጎረቤታችን ነበረች። በቀጣዩ ገበያ ጀበናዎቿን ደርድራ ተቀመጠች፤ አንድም ሳይሸጥላት መሸ። በቀጣዩም እንዲሁ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቿን ይዛ ወረታ ወረደች።

(ጸበልን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። እናቴ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች፤ እኔም ተጠምቄ አድጌያለሁ። የማወራው ስለ ጠያቂው ነው።)

ይህ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር ማለት አልችልም፤ ግን ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሰው ጆርናሊዝም ስማር ስለ ቃለ መጠይቅ አጠያየቅ ያነበብኩት የአሜሪካኖች ጭቅጭቅ ነው። “የተመለሰ ትዝታ” ይሉታል። አንድ ሰው በልጅነቱ ክፉ ነገር ይደርስበታል፤ አእምሮው ያንን ጉዳይ ቀብሮ ለዓመታት ያስረሳዋል፤ በኋላ የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያገኝ ትዝታው ይመለሳል። አሳቡ ሥሩ ሩቅ ነው። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1896 የሴቶቹ ሕመም ምንጭ በልጅነት የደረሰባቸው ወሲባዊ ጥቃት ነው አለ፤ በዓመቱ ሐሳቡን ቀየረ። ለምን ቀየረ የሚለው እስከ ዛሬ ያጣላል።

ነገሩ የጦፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የልጅነት ጥቃት በአደባባይ መነገር የጀመረበት ዘመን ስለነበር፣ ለዘመናት አፋቸውን የተያዙ ሴቶች እውነታቸውን ተናገሩ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን ትዝታ የሌላቸውን ሰዎች “ይኖርሻል፣ ፈልጊው” የሚሉ ቴራፒስቶች በዙ። ሂፕኖሲስ አለ፤ ዓይን ጨፍኖ መሳል አለ፤ አሚታል የሚባል የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወግቶ መጠየቅም አለ።

መድኃኒቱ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። እኛ አገር ሌባሻይ የሚባል ነገር አልነበረም እንዴ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ንብረት ሲጠፋ አንድ ብላቴና የሚያሰክር ነገር ይሰጠውና በገመድ ተይዞ ይለቀቃል። ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ቤቱ ማን ይሁን ማን፣ ብላቴናው ምን ያውቃል? ገመዱን የያዘው ሰው ግን ያውቅ ይሆናል።

ወደ ካሊፎርኒያ ልመለስ። ጆርጅ ፍራንክሊን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። የተገደለችው የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ግድያው የተፈጸመው በ1969። ዋናዋ ምስክር የገዛ ልጁ ነበረች። አባቷ ጓደኛዋን ሲገድላት አይታ፣ ረስታው ኖራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ትዝ አላት። ኤሊዛቤት ሎፍተስ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለተከሳሹ ወገን ቀርባ ትዝታ እንዴት እንደሚበረዝ አስረዳች፤ ዳኞቹ አልተቀበሏትም። በ1995 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፍርዱን ሻረው፤ በ1996 ሰውየው ተለቀቀ። ልጁ ከተናገረቻቸው ዝርዝሮች ብዙዎቹ ቀድሞ በጋዜጣ የወጡ ነበሩ።

ሎፍተስ በ1995 ያሳተመችው ጥናት ዝነኛ ነው። ለ24 ሰዎች አራት የልጅነት ታሪካቸውን ነገረቻቸው፤ ሦስቱ ከዘመድ የተገኙ እውነተኛ ታሪኮች ናቸው፤ አራተኛው፣ “በአምስት ዓመትህ ገበያ አዳራሽ ጠፍተህ ነበር” የሚለው፣ ፈጠራ። ከአራቱ አንዱ ያህል ሰው የፈጠራውን በሙሉ ወይም በከፊል “አስታወሰ”። ተቺዎቿም ዝም አላሉም፤ ገበያ መጥፋትና መደፈር አንድ ናቸው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ያልጠፋ ልጅ አለ እንዴ? እንዲህ ያለውን ማስታወስ ቀላል ነው።

በተቃራኒው ወገን የሊንዳ ዊልያምስ የ1994 ጥናት አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጠቅተው ሆስፒታል የመጡ፣ መዝገባቸው የተቀመጠ 129 ሴቶችን ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ አነጋገረች። 38 ከመቶው ያንን ጥቃት አልተናገሩም። እነሆ መርሳት አለ፣ ተባለ። ግን “አልተናገሩም” ማለት “ረስተዋል” ማለት ነው? ለማያውቋት ጠያቂ ሁሉን የምትዘረግፍ ሴት የትኛው አገር ነው ያለችው? እኔ ባደግሁበት አካባቢ እንኳ ለማታውቀው ለእናቷም አትናገርም። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ዝምታና መርሳት ሁልጊዜ እንደተቀላቀሉ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የእኛው ሰዎች ጉዳይ ነው። የፍራንክሊን ፍርድ በተሰጠበት በዚያው በ1990፣ በዚያችው አሜሪካ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያት አትላንታ ላይ ክስ መሠረቱ፦ እጅጋየሁ ታዬ፣ ኤልሳቤጥ ደምሴ፣ ሂሩት አበበ። እጅጋየሁ በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ አየች። ቀልቤሳ ነገዎ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባው ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር። ወፌ ላላ ያሰቀላት ሰው እሷ በምትሠራበት ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ይጎትታል!

እነዚህ ሴቶች ያንን ለመናገር ሂፕኖሲስ አላስፈለጋቸውም። አሥራ ምናምን ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖሩ እንጂ ረስተውት አያውቁም። የጎደላቸው የሚሰማ ዳኛ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። በማግሥቱ ዓመት ካሊፎርኒያ ናፓ ውስጥ ሌላ ፍርድ ተሰጠ፦ በአሚታል “ትዝታ” የተመለሰላት ልጅ አባት፣ ጋሪ ራሞና፣ ቴራፒስቶቹን ከስሶ ረታ። የተፈረደለት ካሳም 500,000 ዶላር ነበር። አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ብዙ ቆየሁ።

ዴንቨር ላይ ደግሞ በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂውን ከፈለኝ ዓለሙን ካፌ ውስጥ አይቶ ለየው፤ ሌሎች እስረኞችም መሰከሩ፤ በ2014 ሰውየው 22 ዓመት ተፈረደበት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ትዝታ ሊሳሳት አይችልም ወይ? ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ምስክር ብቻ የማይበቃው። በኔዘርላንድ በ2017 ዕድሜ ልክ የተፈረደበትና በ2022 ይግባኙ ያልተሳካለት እሸቱ ዓለሙ፣ በደብረ ማርቆስ ስለተገደሉት 75 እስረኞች ሲከሰስ ከምስክሮቹ ቃል ጋር ፊርማው ያለባቸው ወረቀቶችም ቀርበዋል። ደርግ ገዳይ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊም ነበር፤ የገደለውን መዝግቦ አስቀመጠ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ከምስክር ባልተናነሰ የተደገፈው በዚህ ወረቀት ነበር።

አሁን ወደ አገሬ መንገድ ልመለስ። ከገሳይ በወልድያ መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ነፋስ መውጫ አለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ታጣቂዎች ከተማዋን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፣ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ባሉት ቀናት፣ በታጣቂዎቹ እንደተደፈሩ 16 ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናገሩ፤ ሪፖርቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ወጣ። ያልተናገሩት ስንት ናቸው? ልጆች ሆነው ያዩትስ? አንዳንዶቹ የሚናገሩት ከሃያ ዓመት በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ጠበቃ ተነሥቶ “እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ይሄ እኮ ሐሰተኛ ትዝታ ይባላል፣ ፈረንጆች አጥንተውታል” ማለቱ አይቀርም። ከወዲያ ደግሞ ሊረዳ የሚመጣ አማካሪ ወይም እንደኔ ያለ ጋዜጠኛ፣ በቅን ልቦና፣ “ታጣቂዎቹ ናቸው አይደል? ሦስት ነበሩ?” ብሎ ይጠይቅና ለዚያ ጠበቃ መንገድ ይጠርግለታል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን መሪ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለምስክር እንዳይቀርብ ከልክሏል። ሕጉ የሚሠራው ግን ችሎት ውስጥ ነው። ምስክሯ ችሎት ከመድረሷ በፊት ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ድርጅት፣ ዘመድ፣ ካሜራ የያዘ ሰው፣ ሁሉም ጠይቀዋታል። ማን ምን ብሎ እንደጠየቃት በመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ በኋላ የእሷን ቃል ከጠያቂው ቃል መለየት ከባድ ነው። ጆርናሊዝም ስማር ይሄን ያስተማረኝ የለም፤ “ምን ተሰማሽ?” ብሎ መጠየቅን ግን በደንብ ተምሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት ገሳይ ሄጄ ያቺን የሠፈሬን ልጅ አገኘኋት፤ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ቡና እየቀዳችልኝ ስለዚያ ማለዳ ጠየቅኋት።

“ሲጠይቁኝ ትዝ ይለኛል፤” አለችኝ። “ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን ሰው ነው የነገረኝ።”

“ያኔ ግን ምን አሞሽ ነበር?”

“ወባ ነበር መሰለኝ እቴ። ፎገራ አክስቴ ጋ ሰንብቼ በመጣሁ በሳምንቱ ነው የጀመረኝ።”