የቂሣርያው ጌታ ዩስታስ ግረኒየር

ዩስታስ ግረኒየር ከጊቫት ኦልጋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የምትገኘውን ቂሣርያን በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገዛ የመስቀል ጦረኞች መስፍን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከተማይቱን በጦር የወሰደው እሱ ሳይሆን የኢየሩሳሌም ንጉሥ ባልድዊን አንደኛ ነው። ንጉሡ በግንቦት 1101 በጄኖዋ መርከቦች ታግዞ ቂሣርያን ከግብፅ ገዢዎች እጅ አስለቀቀ። ወደ ትልቁ መስጊድ ሸሽተው የተጠጉት ነዋሪዎች እዚያው ታረዱ። ጄኖዎች ከምርኮው የወሰዱት አረንጓዴ ሳህን ከመረግድ የተሠራ ነው ተብሎ ለዘመናት ሲከበር ኖሮ በኋላ ብርጭቆ ሆኖ ተገኝቷል። ዩስታስ የተሾመው እንግዲህ በዚህች ሰዎቿ ባለቁባት ከተማ ላይ ነው።

የአገዛዙ ሥርዓት አባቶቻችን ጉልት ከሚሉት ብዙም አይርቅም። ንጉሡ አገሩን እየቆረሰ ለሹም ይሰጣል፤ ሹሙ ግብሩን ይበላል፣ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ፈረሰኞቹን ይዞ ይዘምታል። ሹመቱ ለልጅ ሲተላለፍ ርስተ ጉልት ይሆናል ማለት ነው። የሚያርሰው ገበሬ ምን እንደሚደርስበት፣ ርስት ተነፍገው በሰው መሬት ላይ ሲያርሱ ለኖሩ ወላጆቻችን ማስረዳት አያሻም።

ዩስታስ በዚህ መንገድ እጅግ በለጸገ። ሲዶና በ1110 መጨረሻ እጇን ስትሰጥ ለእሱ ተሰጠች። እዚያ እልቂት አልተደረገም፤ ብዙ ሰው ወደ ደማስቆ ሄደ፣ ገበሬዎቹ ግን መሬቱን እንዲያርሱ ቀሩ። የፓትርያርክ አርኑልፍን የእህት ልጅ ኤማን ሲያገባም ኢያሪኮን በጥሎሽ አገኘ። ኢያሪኮ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ስለነበረች ነገሩ ብዙ ወቀሳ አስከትሏል።

በ1123 ንጉሥ ባልድዊን ሁለተኛ በጠላት ሲማረክ መኳንንቱ ዩስታስን እንደራሴ አድርገው መረጡት። ግንቦት 29 ቀን የግብፅ ጦር ዛሬ ያብኔ በምንላት ስፍራ ድል ሆነ። እንደራሴው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰኔ 15 ቀን ሞተ።

ግዛቱን ሁለት ልጆቹ ተካፈሉ፤ አንዱ ሲዶናን፣ ዋልተር ቂሣርያን ወሰዱ። እናታቸው ኤማ የያፎውን ጌታ ሂውን አገባች። በ1134 ዋልተር ይህንኑ የእንጀራ አባቱን በንጉሥ ፊት በክህደት ከሰሰው።

ከልጆቻችን ጋር ቂሣርያ ስንሄድ የምናየው ትልቁ ቅጥርና ጥልቁ ጉድጓድ የዩስታስ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ያሠራው በ1251 እና 1252 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ ነው። ዩስታስ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ያለፈው አይሁዳዊ ተጓዥ ቢንያሚን ዘቱዴላ ደግሞ በከተማይቱ አይሁድና ሳምራውያን እንዳገኘ ጽፏል። በ1265 የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ ቂሣርያን ይዞ አፈረሳት።