ሰንጠረዥና ባለቤቱ

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚያመራው መንገድ ባቲ ያደርሳል፤ ከደሴ በስተሰሜን ደግሞ አምባሰል ይገኛል። ሁለቱም ከቦታ ስምነት አልፈው የዜማ ቅኝት መጠሪያ ሆነዋል። በቅኝቶቹ የሚያዜም ከያኒ የራሱ ዜማ ባለቤት ነው፤ ቅኝቱ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። የወል ሀብትን ማን ይጠብቀዋል? ማንስ ይዳኘዋል? ይህ ጥያቄ በጨዋታም ታሪክ ውስጥ ይነሣል። ለዚህ ሰንጠረዥ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሰንጠረዥ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አገሮች በኩል ኢትዮጵያ የገባ ጥንታዊ የቼዝ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን እንደተቀበሉት አልተዉትም። ቀይ ጨርቅ ዘርግተው፣ በጥቁር መስመር 64 ቤት ከፋፍለው የራሳቸውን ደንብ አበጁለት። ልዩ መለያው «ወረራ» የሚባለው መክፈቻው ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። በፈረስ የተገኘ ድል እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በደካማ ጠጠር የተገኘው ይደነቅ ነበር።

ተራ በሌለበት ጨዋታ ሙግት አይቀሬ ነው። ታዲያ ዳኛው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1805 በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ጨዋታውን የተመለከተው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ በዙሪያው የተሰበሰቡት ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ ድምፅ እንደነበራቸው መስክሯል። በመሳፍንቱ አዳራሽ በሌላው ጉዳይ ሁሉ ዝም እንዲል የተፈረደበት ሰው፣ በጨርቁ ዙሪያ ግን ተናጋሪ ነበር። የደንቡ ጠባቂ የተመልካቹ ጉባኤ ነበር ማለት ነው።

ደንቡ በጽሑፍ የተመዘገበው ግን በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች ብዕር ነው። ሃሮልድ መሬይ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የቼዝ ታሪክ፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ዘግበውታል። ዛሬ ወረራን የሚያጠኑ የባዕድ አገር ተጫዋቾች የሚመሩት በእነዚህ መዛግብት ነው።

ይህ ስርቆት ነውን? አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ ይጠብቃል እንጂ ሐሳብን ወይም የአሠራር ዘዴን ለአንድ ሰው አይሰጥም። መጽሐፉ የጸሐፊው ነው፤ ጨዋታው የሁሉም ነው። እውነተኛው አደጋ ሌሎች መጫወታቸው ሳይሆን የገዛ ወራሾቹ መርሳታቸው ነው። ስሙ እንኳ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በመጽሐፍ ላይ ለሚሰመር የቁጥር መደብ ነው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መምህሩ ጨርቁን ቢዘረጋ፣ አንጥረኛውና ቀራጺው ጠጠሮቹን ቢያበጁ የማንንም ፈቃድ አይሹም። የወል ቅርስ ባለቤትነት የሚረጋገጠው በይገባኛል ክርክር ሳይሆን በመጫወት ነውና።